እኔ ጋ የማይጠፋው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያመጣችልኝ የሀጂ ልጅ ናት። ጅማ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ወላጆቿ የሚኖሩት አሰንዳቦ ነው። ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ በባጃጅ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችውና ክንዷን እያሸች ቆመች።

«የአባቴ ነው» አለች። «ድርግም ብሎ ይጠፋል። መብራት ሳይሄድ፣ እሱ ብቻውን።»

«ምን እየሠሩበት ነው የሚጠፋው?»

«ምን ይሠራበታል ብለሽ ነው? ቁርኣን ያዳምጣል፣ ዜና ያያል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሌላ ሲገዛ ይሄን ለሱ ሰጠው። በስኳር ምክንያት የቀኝ እግሩ ጣቶች ከተቆረጡ ወዲህ ከቤት ብዙም አይወጣም። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር።»

ያኔ ከኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሥራዬን ለቅቄ፣ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ውስጥ ጠባብ ቤት ተከራይቼ ጥገና ከጀመርኩ አራት ወር አልሞላኝም ነበር። ጅማ ለትምህርት መጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሥራውን ለምን እንደለቀቅኩ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፦ አንድ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ይኸው ነው። የራሴ ሥራ ሲኖረኝ መቁነጥነጡ ያርፍልኛል ብዬ ነበር፤ አላረፈልኝም። በር ላይ የቆመ ሁሉ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ጠጋኙ የለም?» ይለኛል። «እኔ ነኝ» ስለው ግማሹ ዕቃውን እንደያዘ ይመለሳል። ስለዚህ ይህቺ መምህርት ምንም ሳትጠይቅ ሲፒዩውን አስረክባኝ ስትሄድ፣ ይሄን እንደምንም ማዳን አለብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ስከፍተው ቤታቸው አስፋልት ዳር መሆኑን ከአቧራው አወቅሁ። ማራገቢያ ፋኖቹ በአቧራ ጢም ያበቀሉ ይመስላሉ። በብሎወር ነፋሁት። ማቀዝቀዣውን አንስቼ ከሥሩ ያለውን ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ሳየው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ይሄ ነው ጥፋቱ ብዬ ደስ አለኝ። ለማረጋገጥ ሁለት ቀን ሙሉ ቁርኣን ከፍቼ አዋልኩት። አጠገቤ ያለው ልብስ ሰፊ በግድግዳው በኩል እየሰማ «ምነው፣ ሰለምሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ለልጅቷ ደውዬ «ድኗል» አልኳት።

በአምስተኛው ቀን ደወለች። «አባቴ እንደገና ጠፋ ይላል።»

ከአሰንዳቦ መልሳ አመጣችው። ያን ቀን ዝናብ ይጥል ስለነበር ብርድ ልብሱ ረጥቦ ነበር፤ እሷም እንደዚያው። ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችኝም።

በዚህኛው ዙር ምንም አልተውኩም። ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ነቅዬ ደህና መሆኑን የማውቀውን ሌላ ገጠምኩለት። ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሞከርኩ። ከዚያ ኮምፒውተርን ሆን ብሎ የሚያስጨንቅ፣ አቅሙን አሟጥጦ የሚያሠራ ፕሮግራም ጭኜ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቅሁበት። ሽፋኑን ከፍቼ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ፋኖቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ፊቱ እንቆራጠጣለሁ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ እኔ በሌለሁበት ጠፍቶ ቢሆንስ ብዬ ዳቦውን ሳልይዝ ሮጬ ተመለስኩ። አልጠፋም። ምሳ ቀርቦልኝ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ሌላ ሰው ዕቃው እንዲሠራለት ይጸልያል፣ እኔ እንዲበላሽልኝ እጸልይ ነበር። ከጠፋ ምክንያቱን አገኛለሁ። ካልጠፋ ግን ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በሥራዋ መሃል ብቅ አለች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌላ ሰው ጋ ብወስደው ይሻላል?»

«እስከ ነገ ስጪኝ» አልኳት። ድምፄ የለማኝ ድምፅ ሆነብኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ኮምፒውተር የራሱን ውሎ ይመዘግባል፤ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ በወጉ እንደተዘጋ፣ መቼ ሳይታሰብ እንደጠፋ። መዝገቡን ከፍቼ ሳይታሰብ የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ በዙሁርና በዐስር ሶላት መካከል። ጠዋት አንድም ጊዜ አልጠፋም። ማታም አልጠፋም። ከዚያ በነዚያ ሰዓቶች የትኛው ፕሮግራም ተከፍቶ እንደነበር ፈለግሁ። ቁርኣን አልነበረም። ዜናም አልነበረም። ከባድ መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ነበር፣ በየቀኑ፣ ከዓርብ በስተቀር።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የገባኝ ነገር ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ ሌላ ጭንቀት አመጣብኝ። ልጅቷ የማታውቀውን የአባቷን ነገር አውቄያለሁ። ግን ጨዋታው ውስጥ ምን ሲሆን እንደሚጠፋ ካልጠየቅኳቸው ልጠግነው አልችልም። ስልካቸውን ለአስቸኳይ ነገር ብላ ሰጥታኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን መትቼ ሳልደውል ተውኩት። በሦስተኛው ደወልኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ። ጅማ ኮምፒውተርዎን የምጠግነው ነኝ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም ልጄ፣ አንቺ ነሽ? ሰላም ነሽ? እንዴት ሆነልሽ?»

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሰዓት በኋላ መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ይከፍታሉ?»

ከበስተኋላቸው የሚያልፍ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል።

«ልጄ አጠገብሽ አለች?»

«የለችም።»

«እኔ አልጫወትም» አሉ በመጨረሻ። «እነዳለሁ።»

ጨዋታውን ማንም ጭኖ እንዳልሰጣቸው፣ ኮምፒውተሩ ከወንድ ልጃቸው ቤት ሲመጣ ውስጡ እንደነበረ፣ አንድ ቀን በስህተት ነክተውት እንደተከፈተ ነገሩኝ። «ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ትሄዳለች። ከዚያ መንገድ ላይ ጥላኝ ትጠፋለች» አሉ። ኮምፒውተሩን እንደ መኪና «እሷ» ይሏታል።

እኔም ሱቅ ውስጥ ጨዋታውን ከፍቼ ነዳሁ። መኪናውን ገደል ከተትኩት፣ አጥር ሰበርኩበት፣ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አልጠፋም። በማግሥቱ ለልጅቷ «ራሴ ወስጄ እዚያው ቤት ላየው እፈልጋለሁ፣ የመብራቱ ነገር ሊሆን ይችላል» አልኳት። ውሸት አልነበረም፣ መብራቱንም ጠርጥሬያለሁ። ሙሉ እውነትም አልነበረም። ሲፒዩውን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰርቦን አልፈን አሰንዳቦ እስክንደርስ እግሬ መሬት ላይ መምታቱን አላቆመም፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ጉልበቴን በእጃቸው ይዘው አስቆሙኝ።

ቤቱ እንደገመትኩት አስፋልቱ ዳር ነው። ሀጂ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸው በረዶ መስላ ነጥታለች። «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ ብለው በኦሮምኛ ጋብዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ሻይና ሙዝ አቀረቡልኝ። ስክሪኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ትልቅ የእንጨት ቡፌ ላይ ተቀምጧል፤ ለማያውቅ ሰው ቴሌቪዥን ነው። ከፊቱ ለሲፒዩው የተዘጋጀች በርጩማ አለች። «ለሥራሽ እንዲመችሽ» አሉኝ እማማ። ሲፒዩውን እዚያ አስቀምጬ ገመዶቹን ሁሉ አያያዝኩ። የግድግዳውን መብራት ለካሁ፤ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ የሚያጠፋ አይደለም።

«እንግዲህ እንደ ሁልጊዜው ይንዱ ሀጂ። እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩ።»

አፈሩ፣ ባለቤታቸውን አዩ። እማማ ሙዝ እየላጡ ሌላ ቦታ አዩ። ከዚያ ኪቦርዱን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው መንዳት ጀመሩ።

ሲነዱ ያየኋቸውን አልረሳውም። እኔ ገደል የከተትኩትን ተሳቢ እሳቸው እንቁላል የጫነ ያህል ይዘውት ሄዱ። መንገዱ የማን አገር እንደሆነ አላውቅም፤ ዳርና ዳሩ በረዶ ነው፣ ሰው የለም። ለመታጠፍ ከርቀት ፍሬቻ ያበራሉ።

«እዚህ ለማን ነው ፍሬቻ የሚያሳዩት?»

«ልማድ ነው።» ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። «የነዚህ መንገድ ይገርመኛል። ከብት የለ፣ ኬላ የለ፣ ባጃጅ ፊትሽ አይገባም። እንቅልፍ ነው የሚያስወስደው። እኔ ሠላሳ ዓመት የጅማን ቡና ጭኜ በዚህ በራችን ላይ ነው ያለፍኩት። የጊቤን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑ ሳይሸት። ስንቱ ሸቶበት ቀርቷል እዚያ።»

አንድ ኩርባ ታጠፉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«እግሬ እንደዚህ ሲሆን መኪናው ተሸጠ። ልጄ አለቀሰች። 'አታልቅሺ፣ አላህ አሳረፈኝ፣ ደስ ብሎኛል' አልኳት። ለሰፈሩም ያንኑ አልኩ። አሁን እዚህ ቤት የተጣላ ሊታረቅ ይመጣል፣ ምክር የሚፈልግ ይመጣል። ሀጂ እቤቱ ተቀምጦ የልጅ ጨዋታ ይዟል ቢባል ይሳቅብኛል፣ እሱስ ግድ የለም። ልጄ ካየችኝ ግን ያኔ እንደዋሸኋት ታውቃለች።»

ስክሪኑ ጥግ ላይ የከፈትኩትን፣ የሙቀቱን ቁጥር የሚያሳየውን ትንሽ መስኮት አየሁ። ሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት፤ ከዚያ አላለፈም። አንድ ሰዓት ነዱ። አልጠፋም። የዐስር አዛን ሲሰማ ተሳቢውን መንገድ ዳር በወጉ አቁመው ሞተር አጠፉ።

«አንቺን ፈርታ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ተሸንፌ ነበር። ገመዶቹን እንዳሉ ትቼላቸው፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ በላይ በላዩ ጠጥቼ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርኩ። መብራቱ ደህና፣ ሚሞሪው ደህና፣ ሙቀቱ ደህና። እኔ ስነካው ደህና፣ እኔ ሳየው ደህና። ነገ ልጅቷን ሌላ ሰው ጋ ውሰጂው እላታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልቆየም፤ ማን ጋ እንደምትወስደው፣ ያ ሰው ምን ብሎ እንደሚስቅብኝ ማሰብ ጀመርኩ።

ሰርቦ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። ሀጂ ናቸው።

«ልጄ፣ ሰግጄ ትንሽ ልጨርስ ብዬ ብቀመጥ፣ ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ጠፋች።»

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን ተቀየረ?»

«ምንም አልተቀየረም።»

«ሀጂ፣ እባክዎ በደንብ ያስቡ። አንድ ነገር ነክታችኋል።»

«ምንም አልነካንም እኮ። እሷን ወደ ቦታዋ መልሰን፣ በሩን ዘጋን፣ በቃ።»

«የምን በር?»

«የቡፌውን በር ነዋ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ሰርቦ ላይ ወርጄ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ወደ አሰንዳቦ የሚመለስ መኪና ስጠብቅ ሦስት ደቂቃ ቆሜ ሦስት ደቂቃውንም ወዲያና ወዲህ እል ነበር። ያገኘሁት አይሱዙ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ ከሹፌሩና ከአንድ ከረጢት ድንች ጋር ተጣብቄ ተመለስኩ።

እማማ በር ከፍተው ሲያዩኝ «ምነው፣ የረሳሽው አለ?» አሉኝ። በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄጄ የታችኛውን የእንጨት በር ከፈትኩት። ሲፒዩው እዚያ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹና ከተጣጠፉ የጠረጴዛ ልብሶች መካከል ተወትፏል። እጄን አስገባሁ። አየሩ የዳቦ ምድጃ ነው። ከጀርባው ጣውላ፣ ከጎኑ ጣውላ፣ ከፊቱ በር። የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይተነፍሳል፤ ቁርኣን ሲያሰማና ዜና ሲያሳይ ብዙ ስለማይለፋ ይችለዋል። ሲነዱበት ግን ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይግላል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከመቃጠሉ በፊት ራሱን ያጠፋል። ሱቄ ውስጥ ሽፋኑ ክፍት ነበር። ቅድምም በርጩማ ላይ ነበር።

«ለምንድን ነው የምትዘጉበት?»

«ስነዳ ትጮኻለች» አሉ ሀጂ። «ጎረቤት ቢመጣ፣ ይሄ ምንድን ነው ይላል።»

ሙቀቱን አስረዳኋቸው። ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ መሃሉ ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«በቃ፣ ገባኝ። ዳገት ላይ ራዲያተሩን በሸራ ሸፍነሽ መንዳት ማለት ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠላሳ ዓመት ሞተር ሳቀዘቅዝ ኖሬ።»

ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆረ። በሩ ክፍት ከሆነ ድምፁ ይሰማል፤ ልጃቸው ቅዳሜ ትመጣለች። ሌላ መንገድ ፈለግሁላቸው። የቡፌውን ጀርባ በመጋዝ ቆርጠን ሁለት ፋን ብንገጥምለት ሙቀቱ በዚያ ይወጣል አልኩ። ሀጂ ተስፋ አድርገው ቀና አሉ።

እማማ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ጎንበስ ብለው ገመዱን ነቀሉ፣ ሲፒዩውን ሁለት እጃቸውን አስገብተው አወጡና ቡፌው ላይ፣ ከስክሪኑ አጠገብ፣ ፊት ለፊት አስቀመጡት። ዳንቴሉን አንሥተው አጣጠፉት።

«ይሄ ቡፌ የሠርጌ ነው» አሉ። «የሠርጌ ቡፌ ከሚቆረጥ ልጃችን ትስማ።»

ሀጂ ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው ወደ ግድግዳው አዛውረው «እሺ» አሉ። ሲመሽብኝ ባለቤታቸው መንገድ ድረስ ሸኝተው አሳፈሩኝ።

ሰኞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሱቄ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«የኮምፒውተሩን መዝገብ ካየሁ ወዲህ አውቅ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ ተሸክሜ ሳመጣው፣ ምን እየሠራ ነው ስትዪኝ ቁርኣን ነው ስልሽ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሳቸው ነገር ነው ብዬ።»

በር ላይ ቆማ ባጃጆቹን አየች። ተቆጥታ ትሄዳለች ብዬ ነበር።

«ቅዳሜ ስገባ አልሰማኝም» አለች። «ከኋላው ቆሜ አየሁት። ወደ ግራ ሲታጠፍ ትከሻውም አብሮ ይታጠፋል። እኔ ለሰው ሁሉ አባቴ ተገላገለ፣ ደስ ብሎታል እያልኩ ነው የኖርኩት። ለእናቴም ሳይቀር።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ዞሮ አየኝና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስከ መግሪብ ሶላት ነዳ።» ቦርሳዋን አስተካከለች። «ልናገር የምፈልገው ብዙ ነበር። ሁሉም ስድብ ወይ ይቅርታ ይሆንብኛል፤ የቱ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።»

ሳትሰናበተኝ ሄደች። በማግሥቱ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዋ የተሰበረ ላፕቶፕ ይዛ መጣች፣ «እሷ ናት የላከችኝ» ብላ።

እኔ ግን ኮምፒውተሩ መዳኑን አላመንኩም። አንድ ጊዜ ድኗል ብዬ ተዋርጃለሁ፤ ሁለተኛውን ማመን አቃተኝ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ። «ጠፋች?» «አልጠፋችም።» «ቁጥሩ ስንት ይላል?» ያነቡልኛል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ስደውል ከሀጂ ጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ማርሽ እየተከራከሩ ነበር። የድሮ ጓደኞቻቸው፣ ሹፌሮች ናቸው አሉኝ፤ በአንዱ ጉዳይ ሽምግልና መጥተው ድምፁን ሰምተው ቀሩ።

«ልጄ» አሉኝ ያን ቀን፣ «እሷ ደህና ናት። አትደውዪ አይደለም የምልሽ፣ ደውዪ። ግን ስለ እሷ አትጠይቂኝ። ስለ ራስሽ ንገሪኝ እስቲ። ቁጭ ብለሽ በልተሻል ዛሬ?»

ቆሜ ነበር የማወራቸው፤ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው የመምህርቷን ባልደረባ ላፕቶፕ ብሎን ይዤ። እንዳልበላሁ ነገርኳቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰው መጥቶ እቤቱ ስትሆን ብቻ የምትንቀጠቀጥ ስክሪን አለችኝ ብሎኝ ስለነበር፣ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቄ ልሄድ እየተዘጋጀሁ ነበር።